እሱ እንዲህ አይቸኩልም፦ የኢድሪስን ጊታር ፍለጋ እስከ ካርቱም

ከፒያሳ መነሳት

ወደ ካርቱም የወሰደኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የተነሳው ፒያሳ፣ ጋሽ ወርቁ የሙዚቃ መሣሪያ በሚጠግኑባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነበር። ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው ደሴ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ አሁን የሌላውን ሰው ጊታር እየጠገኑና ክር እየሸጡ ይኖራሉ።

«እነዚህ ከሱዳን የሚመለሱ ልጆች ክር ፈጁብኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጊታሩን ከሚገባው ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ይቃኙታል። ሲወጠር ይበጠሳል። ለምን ስላቸው ‹ኢድሪስ እንዲህ ነው የሚቃኘው› ይሉኛል። ኢድሪስን ለእኔ ይነግሩኛል! በሕይወቱ እንዲህ ቃኝቶ አያውቅም።»

ኢድሪስ የደሴ ልጅ ነው። ጋሽ ወርቁ ከሱ ጋር አምስት ዓመት በአንድ የሮክ ባንድ ተጫውተዋል። የድምፅ ማጉያውን ሸራ በምላጭ ሰንጥቆ ጊታሩን የሚያስጓራው፣ የባቲን ቅኝት በሮክ ምት ላይ የጫነው እሱ ነበር። በደርግ ዘመን በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ፤ ካርቱም ውስጥ ተጫወተ፣ አገባ፣ አንድ ካሴት ቤቱ ውስጥ ቀዳ፣ በወባ ሞተ። ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለሰርግና ለምሽት ክበብ ከሚጫወቱት ባንዶች ውስጥ ስሙን ሳያነሱ የሱን የቀኝ እጅ የሚጫወቱትን እኔ ራሴ እስከ ሰባት ድረስ ቆጥሬያለሁ።

ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ኢድሪስ ካርቱም ገብቶ ቅኝቱን ለወጠ ወይስ አልለወጠም? አዘጋጄ ለባህል ዓምዱ ሁለት ሳምንት ፈቀደልኝ። ልሰናበታቸው ስሄድ ጋሽ ወርቁ ከመሳቢያቸው ባለሁለት ጥርስ ብረት አውጥተው ሰጡኝ። መቃኛ ሹካ ነው። ጉልበት ላይ ሲመቱት ሁልጊዜ አንድና ያው ድምፅ ይሰጣል፤ ሙቀት ቢሆን ብርድ አይዋሽም።

«ኢድሪስ ይህን አያስፈልገውም ነበር» አሉ። «ከመጫወታችን በፊት ይህንኑ ድምፅ አፉን ዘግቶ ‹እም› ይልልናል፤ እኛ በሱ እንቃኛለን። እኔ አላምን ብዬ ሹካውን እመታለሁ። አንድም ቀን አልሳተ። አደራ፣ ብረቱን መልስልኝ።»

መንገዱ

መጋቢት ውስጥ ነው የተነሳሁት። በአውቶቡስ አንድ ቀን እስከ ባሕር ዳር፣ ግማሽ ቀን እስከ ጎንደር። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ሙሉ ቀን ፈጀ። መኪናው ከደጋው ቁልቁል ሲወርድ በየሰዓቱ አንድ ልብስ ማውለቅ ግድ ነበር፤ ሸኸዲ ስንደርስ ሸሚዜ ብቻ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ የምትባል የወረኢሉ ሴት፣ ካርቱም ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት፤ እናቷን ጠይቃ ትመለሳለች። የጉዞዬን ምክንያት ስነግራት ሳቀች።

«ኢድሪስ? ሙሽሮቹን የሚያስጨፍረው? ለሱ ብለህ ነው ይህን አቧራ የምትቅመው? እዛ ብትሄድ ድምፁ ከውኃ ቧንቧው ሁሉ ነው የሚወጣ!»

መተማ አድረን ጠዋት ደረቁን ወንዝ በድልድይ ተሻገርን፤ ማዶው ገላባት ነው። የሱዳኑ ጉምሩክ ሠራተኛ ቦርሳዬን ፈትሾ ሹካውን አነሳ። ዘይነባ አስተረጎመችልኝ።

«ምንድን ነው?»

«ድምፅ መቃኛ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ መታና ጆሮው ላይ ያዘው። ጓደኛውን ጠርቶ በእሱም ጆሮ ላይ ያዘለት።

«ይኼን ብቻ ነው የሚለው?»

«ይኼን ብቻ።»

«ዘፈን የለውም?»

«የለውም።»

«መስኪን» አለ ለብረቱ አዝኖ፣ ፓስፖርቴ ላይ ማህተም መታ።

እስከ ገዳሪፍ ሱዳኖች «ቦክሲ» በሚሉት ክፍት የጭነት ፒክአፕ ጀርባ ላይ ተጫንን፤ ሜዳው የታጨደ ማሽላ ጉቶ ብቻ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም አስፋልት አለ፤ አውቶቡሱ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃና ብስኩት ይታደላል። የቲኬቱን ዋጋ በዲናር ከፍዬ ረዳቱ በፓውንድ ሲነግረኝ ግራ ተጋባሁ፤ ዘይነባ አስረዳችኝ። ወረቀቱ ላይ ዲናር ይጻፋል፣ ሰው ሁሉ ግን በድሮው ፓውንድ፣ ማለት አንድ ዜሮ ጨምሮ ነው የሚናገረው። ገንዘቡ ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል፤ አፍ አልተለወጠም።

ወድ መደኒን እንዳለፍን ሹፌሩ ካሴት ከተተ። ሁለት ምት ሳይሞላ አወቅሁት፤ የተሰነጠቀ ማጉያ፣ የታፈነ ክር፣ ቀጭን ችኩል የወንድ ድምፅ። ተሳፋሪው በሙሉ ሱዳናዊ ነው ማለት ይቻላል፤ ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ። ሹካውን ጉልበቴ ላይ መትቼ አንድ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት፣ በሌላው ካሴቱን ሰማሁ። ጊታሩ ልክ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፤ ቀጥሎም «የአውቶቡሱ ማጫወቻ ሊፈጥን ይችላል። አንድ ልኬት ልኬት አይደለም» አልኩ።

ሶባና ቡሪ

ያረፍኩት ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ ሶባ ነው፤ ከመሀል ከተማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አንዳንዴም ሁለት። የተቀበለኝ ሰይድ የሚባል የሐይቅ ሰው፣ ቀን መኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የሰርግ ባንድ የሚመራ ጊታር ተጫዋች ነው። ቤቱ የጭቃ ጡብ፣ በረንዳው ላይ ሁለት የገመድ አልጋ። የመንደሩ መብራት እሱ ቤት ድረስ አልደረሰም፤ ማጫወቻውን በመኪና ባትሪ ነው የሚያሠራው።

እንዴት እንደሚቃኝ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ካሴቱን ከተተ፣ የመጀመሪያው ክር ሲመታ አቆመው፣ በሱ ልክ ጊታሩን ወጠረ።

«ሁሉም እንዲህ ነው?»

«እዚህ ካርቱም? ሐበሻውም ሱዳኑም። ኢድሪስ የሰጠንን ማን ይነካል፣ ያ አኺ?» ወንድሜ ማለቱ ነው።

ሦስት ቀን እየለካሁ ዞርኩ። በሚኒባስ፣ በሻይ ሻጭ ሴት ሬዲዮ፣ በፀጉር ቤት፣ በሌላ ባንድ ልምምድ ላይ ሹካዬን መታሁ። ከአውቶቡሱ ጋር አምስት ቦታ፣ አምስት የተለያየ መሣሪያ፤ ልዩነቱ ሁሌም ያው ግማሽ ድምፅ። ሰይድ መጀመሪያ አፈረብኝ፤ በኋላ «ጆሮ ሐኪም ነው» እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር።

ቡሪ በሚባለው ሠፈር ያገኘሁት ሱዳናዊ ኪቦርድ ተጫዋች ግን እስክሪብቶዬን አስጣለኝ። ኪቦርዱ ላይ ለራሱ ካጠራቀማቸው ድምፆች አንዱን ከፈተ፤ የኢድሪስ ጊታር ነው፣ ከነስንጥቁ። ትንሿ መስኮት ላይ በዐረብኛ «ኢድሪስ» ተብሎ ተጽፏል።

«ኢድሪስን ያውቁታል?» አልኩት በሰይድ በኩል።

«አዎ፣ ይኸው» አለ ቁልፉን እየነካ። «ከመሐመድ የገለበጥኩት ድምፅ ነው፤ መሐመድም ከሌላ። ቫዮሊን አለ፣ አኮርዲዮን አለ፣ ኢድሪስ አለ።»

ሰይድ ሰው እንደነበር ነገረው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከኔ ወደ ሰይድ ተመለከተ።

«ሰው? ወላሂ? ቤቱ የት ነበር?»

ሰይድ ከመንገዱ ማዶ አራተኛውን በር አሳየው። ሰውዬው ወጥቶ ደጁ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ያን በር አየ። በሃያ ስድስት ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ስለ ዝና ብዙ ጽፌያለሁ፤ አንድ ሰው እንደ ቫዮሊን የዕቃ ስም እስኪሆን ድረስ ሙዚቃ ውስጥ ሲገባ ግን አላየሁም ነበር።

አርካዊት፣ ማቀዝቀዣው

የኢድሪስ ባለቤት ወይዘሮ ዘሐራ አርካዊት በሚባል ሠፈር ሐጃ በሚሏቸው ሱዳናዊት ባልቴት ቤት ትሠራለች። አነጋገሯ የወረሒመኖ ነው፣ ቁመቷ ረጅም፣ ስትናገር አትቸኩልም። ሴት ልጇ ሒክመት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሰይድ ባንድ ውስጥ የአባቷን ዘፈኖች ትዘፍናለች። አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ከዐረብኛ የተቀላቀለ ነው፤ ዘፈኖቹን ግን እንከን በሌለው የወሎ አማርኛ ትዘፍናለች፣ ከካሴት ነው የተማረችው።

ስለ ካሴቱ ስጠይቅ ወይዘሮ ዘሐራ ተነስታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ከእንቁላል መደርደሪያው ጎን፣ በሦስት ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ አሳየችኝና መልሳ ዘጋች። ኢድሪስ በገዛ እጁ የቀዳው ዋናው ካሴት ነው።

«ካርቱም ሙቀት ሸሪጥ ይበላል» አለች ካሴቱን በዐረብኛ ጠርታ። «እሱ በሞተ በዓመቱ የጎረቤቴ የሰርግ ካሴት መስኮት ላይ ቀልጦ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የምጠይቀው ደሞዝ አይደለም፤ ‹ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ አንዲት ቦታ ትሰጡኛላችሁ?› ነው። አምስት ቤት ቀየርኩ፤ አምስት ማቀዝቀዣ።»

ሐጃ ከወንበራቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ። ሒክመት ተረጎመችልኝ፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ነው ብዬ ሳልነካው ኖርኩ» ነው የሚሉት።

«ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት ወይዘሮ ዘሐራን።

«እሱ ከሞተ አልከፈትኩትም። አርባው ሲወጣ አንድ የባንዱ ሰው ለአንድ ቀን ተዋሰኝ፤ ሱቅ ወስዶ አስገልብጦ መለሰ። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ አልገባም።»

«መንገድ ላይ የሚሰማውስ?»

ፊቷ ተለወጠ። «ሚኒባስ ውስጥ ሲከፍቱት ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። እሱ አይደለማ። እሱ እንዲህ አይቸኩልም።»

ሒክመት ዓይኗን ወደ ጣሪያው አድርጋ እናቷን በዐረብኛ ጠራች። «ዩማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትይ። ኸላስ፣ አባባ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«ሰው ሁሉ ከሱ ጋር አልኖረም» አለች እናቷ።

ደብተሬን ከፍቼ ጻፍኩ፤ «ባለቤቱ አሁንም ሐዘን ላይ ናት። ድምፁን መስማት አትችልም።» ይህን መስመር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ።

ያን ዕለት የገባኝ ችግር ሌላ ነበር። ሐጃ ቤቱን ሸጠው በወሩ መጨረሻ ጅዳ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነው። ማቀዝቀዣው ተሽጧል። ወይዘሮ ዘሐራና ሒክመት የሚገቡት ሶባ፣ መብራት የሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው። ሒክመት ካሴቱ አሁኑኑ ይከፈት ትላለች፤ እናቷ ትፈራለች።

«አሥራ ሦስት ዓመት ያልተነካ ሸሪጥ ነው። ቢበጠስስ?»

«ሶባ ቢቀልጥስ?» አለች ልጅቷ። «አንቺ አባባን አየሽ፣ ሰማሽ፣ አገባሽ። እኔ ምን አለኝ? የሱቅ ሸሪጥ ብቻ! እሱንም አይደለም ትይኛለሽ።»

ወይዘሮ ዘሐራ ተነስታ የማቀዝቀዣው በር በደንብ መዘጋቱን በእጇ አረጋገጠች።

ሱቅ አል ዐረቢ፣ አርባ ሁለት ደቂቃ ተኩል

በማግስቱ ሰይድ ካሴቱን ወደ ገለበጠው ሰው ወሰደኝ። ዐም ባቢከር፣ ጋሽ ባቢከር እንደማለት ነው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሱዳናዊ ናቸው፤ መሀል ገበያው ውስጥ ካለች አልጋ የምታህል ሱቃቸው ዛሬም ካሴት ይገለብጣሉ። ኢድሪስን በስሙ ያስታውሱታል። የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያወጡ ዋናውን ካሴት ያጫወቱበት ማሽን አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ።

«ጥሩ ማሽን ነው» አሉ አቧራውን በጀለቢያቸው እጅጌ እየጠረጉ። «ሞተሩ ከዚያ ቅጂ ትንሽ ቀድሞ ተቃጥሎብኝ ከሌላ ማሽን አውጥቼ ገጠምኩበት። ከዚያ ወዲህ እንደ ፈረስ ነው።»

«እንደ ፈረስ ማለት?»

«ይፈጥናል! ሌላው አንድ ሲገለብጥ ይህ ቀድሞ ይጨርሳል።»

ሰይድ ይህን ሲተረጉም መሀሉ ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። አንዱ ገጽ አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ አዲስ ካሴት ገዛሁ፤ ዐም ባቢከር ከተቱልኝ፤ የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ባዶ ካሴት ሲዞር እያየን ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት ብርጭቆ ከርከዴ ጠጣን። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሰዓቴ አርባ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይላል።

ድምፅ የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል። በዚህ ልክ የፈጠነ ካሴት የጊታሩንም የሰውየውንም ድምፅ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወስዳል። ከዚህች ማሽን የወጣው ቅጂ ተገለበጠ፣ የቅጂው ቅጂ ተገለበጠ፣ በአውቶቡስ ሄደ፣ ድንበር ተሻገረ። አንድ ከተማ ሙሉ ጊታሩን ከአንድ የተቃጠለ ሞተር ምትክ ጋር ቃኘ፤ ጋሽ ወርቁ ፒያሳ ሆነው ለሱ ክር ይሸጣሉ።

ዐም ባቢከር ነገሩ ሲገባቸው ጥምጣማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ሚስቱ ታውቃለች?»

አፌን ከፍቼ «አታውቅም» ልል ነበር። ከዚያ ደብተሬ ትዝ አለኝ። ገለጥኩት። እሱ እንዲህ አይቸኩልም። ሴትየዋ በመጀመሪያው ሰዓት የጥያቄዬን መልስ፣ ያለ ሹካ ያለ ሰዓት፣ በትክክል ነግራኛለች፤ እኔ ሐዘን ብዬ ጽፌዋለሁ።

«ታውቃለች» አልኩ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

በቀጥታ አርካዊት ሄጄ ወይዘሮ ዘሐራን ይቅርታ ጠየቅሁ። የማሽኑን ነገር በሰዓቱ ልክ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ልጇ ዞረች።

«አላልኩሽም?»

ሒክመት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የዘፈንኩ ሁሉ… የማን ድምፅ ነው ታዲያ?»

እናቷ ወሰነች። «አንድ ጊዜ ይከፈታል። ወደ ኋላ ማጠንጠን የለም። ወንድሜ በመቅጃህ ትቀዳልኛለህ። ቢበጠስም ሰምታው ይበጠስ።»

ሰይድ ከሶባ ባትሪውን ትቶ ማጫወቻውን ብቻ አመጣ። ቀድመን በባዶ ካሴት በሐጃ መብራት ፈተንነው፤ አርባ አምስት ደቂቃ፣ ትንሽም ሳያዛንፍ። ለቃለ መጠይቅ የምጠቀምበትን መቅጃ በሽቦ አገናኘሁ፤ እሱ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ወይዘሮ ዘሐራ ካሴቱን ከላስቲኩ ፈትታ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ በሁለት መዳፏ መሀል ያዘችው። ሐጃ ማራገቢያውን አስጠፉ። ሒክመት ማጫወቻው ፊት ተንበረከከች።

መጀመሪያ ሹክሹክታ መሰል ነፋስ መጣ። ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ አንድ ወንድ አፉን ዘግቶ «እም…» አለ፤ የሱቁ ቅጂ ይህን ቆርጦ ከመጀመሪያው ክር ነው የሚጀምረው።

ሹካው እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንደመታሁት አላውቅም። ብረቱ መዘመር ጀመረ፤ የብረቱና የሰውየው ድምፅ አንድ ላይ ገጠሙ፤ የትኛው ብረት የትኛው ሰው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። በእግሩ ድንበር የተሻገረ፣ መቃኛ ያልያዘ፣ ዓመታት ከጓደኞቹ የራቀ ሰው፣ ቡሪ ውስጥ አንድ ክፍል ተቀምጦ፣ ያችን ድምፅ ፀጉር ታህል ሳይስት አወጣት። ሹካውን ሰይድ ከእጄ ተቀበለኝ።

«እሱ ነው» አለች ወይዘሮ ዘሐራ።

ዘፈኑ ጀመረ። ድምፁ ከምናውቀው የወፈረ፣ የረጋ፣ በሳል የሰው ድምፅ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የሚዘፍነው የሃያ ዓመት ወጣት ይመስላል፤ ይህኛው አባት ነው። ሒክመት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ መብራት ጠፋ።

ማጫወቻው ወዲያው አልቆመም። ድምፁ መውረድ ጀመረ፤ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ቃላቱ እየረዘሙ የሰው መሆናቸው ቀረ፣ ከዚያ ዝም።

«ላ! ላ! አባባ!» ብላ ጮኸች ሒክመት፤ ማጫወቻውን ልትይዝ ስትል ሰይድ እጇን ጨበጠ።

«እንዳትነኪው! ካሕረባ ነው፣ መብራት ነው የጠፋው። ሸሪጡ ደኅና ነው።»

«ታመመ መሰለኝ» አለች፤ አልቅሳ ሳቀች። ሐጃም አብረው አለቀሱ፣ አንድ ቃል አማርኛ ሳያውቁ።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ማንም ከቦታው አልተነሳም። ሐጃ ካሴቱ እንዳይሞቅ ብለው በጋዜጣ ማጫወቻውን ያራግቡለት ነበር። መብራቱ ሲመጣ ድምፁ ከታች ተነስቶ፣ አንድ ትንፋሽ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ልኩ ወጣና ያቋረጠውን ቃል ጨረሰ። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ሄደ። አልተበጠሰም።

ቅዳሜ፣ የሶባው ሰርግ

ሰይድ በዚያው ሳምንት የተያዘ ሰርግ ነበረው። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳለ የሚጀመር፣ ጎዳና ላይ ድንኳን የተጣለበት። «ዛሬ በእውነተኛው እንጫወታለን» ብሎ ጊታሩን በኔ ሹካ ቃኘ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ሰው ተነሳ፤ ግማሹ ግን መልሶ ተቀመጠ። በሁለተኛው አንዲት የሙሽራዋ አክስት ከሴቶቹ ረድፍ ጮኸች።

«ሰይዴ! ጊታርህ ወባ ይዞታል እንዴ? ዛሬ እያስተኛኸን ነው!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ሰይድ ወደኔ አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀና ክሮቹን አንድ በአንድ መልሶ ወጠረ።

«ምን ላድርግ፣ ያ አኺ? ይህ ሕዝብ በዚህ ነው የተጋባ።»

ሒክመት መነጋገሪያውን ያዘች። እጇን አነሳችና ባንዱን ዝም አሰኘች። አፏን ዘግታ «እም…» አለች፤ ረጅም፣ የረጋ። ከአንድ ጊዜ በቀር ያልሰማችውን፣ ከሁለት ቀን በፊት የሰማችውን ድምፅ። ከድንኳኑ ጀርባ መቅጃዬን ከፍቼ እንደቆምኩ ሹካውን መትቼ ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። ልክ ነው። ከዚያ አፏን ከፍታ ድምጿን ግማሽ ደረጃ አነሳች፤ ባንዱ እዚያ ላይ ጠበቃት፣ ጊታሩ አጓራ። የዚያች እርምጃ ስሜት በጽሑፍ አይገባም፤ ሰው ሁሉ ሳያስበው አንድ ላይ ቆመ፣ እልልታው ከበሮውን ሸፈነው።

ወይዘሮ ዘሐራ ከሴቶቹ መጨረሻ ላስቲክ ወንበር ላይ ነበረች። ይህ ዘፈን ሲመጣ ከየሰርጉ ተነስታ ትሄድ እንደነበር ሰይድ ነግሮኛል። አየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠጋች።

መመለስ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ገላባት ላይ ያው ሠራተኛ ሹካውን አይቶ «ዘፈን አገኘህለት?» አለኝ። አገኘሁለት አልኩት። ዋናው ካሴት አሁን ሰይድ ሠፈር፣ መብራት በገባለት የአንድ ሱዳናዊ ባለሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለስላሳ መጠጥ መሀል ተቀምጧል፤ ስድስተኛው ማቀዝቀዣ መሆኑ ነው። አንድ ቅጂ ሒክመት ጋ፣ አንድ እኔ ጋ አለ። ዐም ባቢከር በትክክለኛ ማሽን በነፃ እገለብጣለሁ ብለዋል፤ ፈጣኗን ግን አልጣሉም።

ለጽሑፌ በመንገድ ላይ ያወጣሁት ርዕስ «የአሥራ ሦስት ዓመት ስህተት» የሚል ነበር። ጎንደር ስደርስ ሰረዝኩት። ስህተትስ መዝግቤያለሁ፤ አንዱ የሞተር ነው፣ ሌላው የኔ። ከዚህ በኋላ ሰው ስለ ሞተበት ሰው ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ እንደ መረጃ ልጽፈው፣ ሐዘን መሆኑን በኋላ ልጠይቅ ለራሴ ደንብ አውጥቻለሁ።

ፒያሳ ደርሼ ብረቱን ለጋሽ ወርቁ መለስኩና ቅጂውን ከፈትኩላቸው። ወንበሩ ተጎተተ፣ «እም…» መጣ። ሹካውን ለመምታት አነሱት፤ አየር ላይ ያዙትና ሳይመቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አያስፈልግም» አሉ። «እሱ ነው።»

ቀጥሎ የሰርጉን ቅጂ አሰማኋቸው። ሁለተኛው «እም…» ሲመጣ ቀና አሉ።

«ይቺስ ማን ናት?»

«ልጁ ናት።»

እስኪያልቅ ሰሙ፤ ግማሽ ደረጃውን ስትወጣ ጣታቸው በሌለ ቤዝ ላይ ተንቀሳቀሰ። በዚህ መሀል አንድ ጊታር ተጫዋች ከበር ገብቶ የተበጠሰ ክር አሳያቸው። ጋሽ ወርቁ እንደ ወትሮው አልተቆጡም። ከመሳቢያው ሌላ የክር ፖስታ አወጡ።

«ቀጭኑን ውሰድ» አሉት። «ለዚያ ከፍታ ይህ ይችላል።»